በጡት ቀዶ ሕክምና ዕለት ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

በጡት ቀዶ ሕክምና ዕለት ከሚፈጸሙት ስህተቶች ብዙዎቹ የሚመነጩት ከይሉኝታ ነው፤ ታካሚዋ ሐኪሞቹን ላለማስቸገር ስትል መናገር የሚገባትን ነገር ዋጥ ታደርገዋለች።

ከሁሉም አደገኛው ምግብ ቀምሶ መደበቅ ነው። ሙሉ ሰመመን ሲሰጥ ጉሮሮ ራሱን መከላከል ስለሚያቆም፣ በጨጓራ የቀረው ነገር ወደ ላይ ተመልሶ ሳንባ ውስጥ ሊገባ ይችላል፤ ጠጣር ምግብ ቢያንስ 6 ሰዓት፣ ውሃ ደግሞ 2 ሰዓት አስቀድሞ እንዲቆም የሚታዘዘውም በዚህ ምክንያት ነው። ሆስፒታሉ ከዚህ የጠበቀ ትእዛዝ ከሰጠ የእርሱን ያክብሩ። ወተት የገባበት ሻይ ከምግብ እንጂ ከውሃ አይቆጠርም። ተሳስተው ከቀመሱ ለማደንዘዣ ባለሙያው ይንገሩ፤ የሚመጣው ነገር ቢበዛ የቀጠሮ መዛወር ነው።

መድኃኒትን በራስ ውሳኔ ማቋረጥም ሆነ መቀጠል ሌላው ስህተት ነው። ደም የሚያቀጥኑ መድኃኒቶች፣ ኢንሱሊንና የደም ግፊት ክኒን የየራሳቸው መመሪያ ስላላቸው፣ ጥያቄው ቀናት አስቀድሞ መነሳት አለበት። የጥፍር ቀለም፣ ቀለበትና ዲኦዶራንት ይቅሩ፤ ልብሱም ከፊት የሚቆለፍ ይሁን፤ ክንድን አንስቶ በራስ በኩል ልብስ ማጥለቅ የዚያን ዕለት ማታ የሚሞከር አይደለም።

ስምዎንና የትውልድ ቀንዎን ደጋግመው ሲጠይቁዎ ራስ ነቅንቆ ማለፍ የተለመደ ነው፤ እኔ ግን ከዚህ የባሰ ቸልታ አላውቅም። የትኛው ጡት እንደሆነ፣ እብጠቱ ብቻ ወይስ ጡቱ በሙሉ እንደሚወጣ፣ ከብብት ንፍፊት ይወሰድ እንደሆነ በራስዎ አንደበት ይናገሩ። ሐኪሙ በቆዳዎ ላይ በቀለም ምልክት የሚያደርገው ሰመመኑ ከመሰጠቱ በፊት ነው፤ ጡት በጀርባ ሲተኙ ቦታውን ስለሚለቅ ብዙ ጊዜ ተቀምጠው ወይም ቆመው ይሰመርልዎታል። መስመሩ ከፈረሙበት ቅጽ ጋር ካልተስማማ ሳያፍሩ ያስቁሙ።

በኋላ ምን እንደሚታይ ሳይጠይቁ መግባት ለከንቱ ድንጋጤ ይዳርጋል። ንፍፊቱን ለመለየት ሰማያዊ ቀለም ከተወጋ ሽንት ለአንድ ሁለት ቀን ወደ አረንጓዴ ወይም ሰማያዊ ሊያደላ፣ ቆዳውም ከዚያ ለረዘመ ጊዜ ሰማያዊ ሆኖ ሊቆይ ይችላል። ብብት ከተነካ ደግሞ የላይኛው ክንድ ውስጠኛ ክፍል ሊደነዝዝ ይችላል።

የፍሳሽ ማውጫ ቱቦ ከተገባልዎ፣ አያያዙን በእንቅልፍ ልብ ሰምቶ ወደ ቤት መሄድ ትልቅ ስህተት ነው። ነርሷ ስታሳይ አስታማሚዎ አብሮ ይይ፤ ከተቻለ ራሱ ይሞክረው። በቱቦው ጫፍ ያለው ፍሳሽ የሚጠራቀምበት መጥመጫ ከተደፋ በኋላ በእጅ ተጨፍልቆ አየሩ እንደወጣ ካልተከደነ መሳቡን ያቆማል፤ የተደፋው መጠንም በሚሊ ሊትር ከነሰዓቱ ይጻፋል። በ24 ሰዓት ከ30 ሚሊ ሊትር በታች ሲሆን ቱቦውን ማውጣት የተለመደ ነው፤ ውሳኔው ግን የሐኪሙ ነው። ጡቱ ድንገት ካበጠና ከተወጠረ ወይም መጥመጫው በደማቅ ደም ቶሎ ቶሎ ከሞላ እስኪነጋ አይጠበቅም፤ ስለዚህ በሌሊት የሚደወልበትን ቁጥር ሳይቀበሉ ከሆስፒታሉ አይውጡ።