በንክሻ ቁስል ላይ ባዮሎጂካዊ ቆዳ ሲለጠፍ የሚፈጸሙ ስህተቶች

ከሁሉ የሚከፋው የመጀመሪያው ቀን ስህተት ነው። ጅብ ወይም ትልቅ ውሻ ቆዳና ሥጋ ቦጭቆ የወሰደበት ሰው ሲመጣ ጉድጓዱን በባዮሎጂካዊ ቆዳ፣ ማለትም ለቁስል ሽፋን በተዘጋጀ የዓሣ ወይም የአሳማ ቆዳ፣ ቶሎ መሸፈን ያጓጓል። አይሸፈን! የእነዚህ እንስሳት መንጋጋ መቅደድ ብቻ ሳይሆን ይጨፈልቃል፤ ዛሬ ቀልቶ የሚታየው ጡንቻ ከነገ ወዲያ ሊጠቁር ይችላል። የዓሣም ሆነ የአሳማ፣ የታካሚው የራሱ ቆዳ እንኳ ቢሆን፣ በሞተ ሥጋ ላይ አይይዝም፤ ከሥሩ መግል ይቋጥራል። የሞተውን ቆርጦ ማውጣት፣ ማጠብ፣ ከ24 እስከ 48 ሰዓት ውስጥ ኦፕሬሽን ክፍል መልሶ ማየት፣ ካስፈለገም እንደገና መቁረጥ ነው። ሲቆርጡት የሚደማ፣ ሲቆነጥጡት የሚኮማተር ጡንቻ ብቻ ሲቀር ስለ ቆዳ ይታሰባል። በአንድ ግራም ሥጋ ከ100,000 በላይ ባክቴሪያ ካለ ግራፍት (የሚለጠፈው ቆዳ) አብዛኛውን ጊዜ ይወድቃል፤ ባክቴሪያው ቤታ ሄሞሊቲክ ስትሬፕቶኮከስ የተባለው ዓይነት ከሆነ ጥቂቱም ይበቃል።

ኖርማል ሳላይን (ንጹሕ የጨው ውሃ) ከላይ እያፈሰሱ አጠብን ማለትም ስህተት ነው። ባለ 20 ወይም 30 ሚሊ ሊትር ሲሪንጅ ላይ 18 ቁጥር መርፌ ወይም ካኑላ ሰክቶ በግፊት መርጨት ያስፈልጋል። በጠባቡ የጥርስ ቀዳዳ ውስጥ ግን ፈሳሹ የሚወጣበት መንገድ ሳይከፈት በኃይል አይገፋ።

የቁስሉ ስፋት የእብድ ውሻ በሽታን አያስረሳ። በሳሙናና በውሃ 15 ደቂቃ ይታጠባል፤ ክትባቱ ይጀመራል፤ ኢሚውኖግሎቡሊኑ (ቫይረሱን የሚዋጋው ዝግጁ ፀረ እንግዳ አካል) ከሰው የተገኘ ከሆነ በታካሚው ክብደት በኪሎ 20፣ ከፈረስ ከሆነ በኪሎ 40 ዩኒት ተሰልቶ ቁስሉ ውስጥና ዙሪያው ይወጋል። ይህ ሁሉ ከመሸፈኑ በፊት ነው። የቴታነስ ክትባትም እንዲሁ።

ራጅ ሳያነሱ መሸፈን፦ የተሰበረ አጥንት ወይም የእንስሳው ጥርስ ስባሪ ከሥር ሊቀር ይችላል።

የአሳማ ቆዳ ከሆነ ለታካሚው አስቀድሞ ይነገር። ለክርስቲያኑም ለሙስሊሙም የእምነት ጉዳይ ነውና ፈቃዱ ሳይጠየቅ አይለጠፍ። የዓሣ ከሆነ የዓሣ አለርጂ እንዳለበት ይጠየቅ።

ቆዳውን ሳይበሱ መለጠፍም ብዙ ያበላሻል። ደምና ፈሳሽ ከሥሩ ሲጠራቀም ቆዳው ከቁስሉ ይለያል፤ ተበስቶ፣ ዳር ዳሩ በስፌት ወይም በስቴፕል ተይዞ፣ በቫዝሊን ጎዝ ተሸፍኖ በልኩ መጠቅለል አለበት።

ከዚያ በኋላ ልፋቱን ሁሉ የሚያፈርሰው የፋሻ ቅየራ ነው። የዓሣ ቆዳ ከቁስሉ ጋር እየተዋሃደ ሲሄድ ወደ ቢጫ የሚያደላ ዝልግልግ ነገር ይሆናል፤ ጥቂት ሽታም ይኖረዋል። ይህን መግል ነው ብሎ በጎዝ ፈግፍጎ ማንሳት ገና የጀመረውን ሥጋ መንቀል ነው። መግል ከሆነ በዙሪያው ያለው ቆዳ ይቀላል፣ ይሞቃል፣ ሕመሙ ይብሳል፣ ትኩሳት ይመጣል። እነዚህ ከሌሉ በሳላይን ቀስ ብሎ አጥቦ መልሶ መሸፈን ነው። የአሳማው ግን ጊዜያዊ ሽፋን ስለሆነ በኋላ ይነሳል። ሰፊ ቁስል ሥጋ ከሞላ በኋላም የታካሚውን የራሱን ቆዳ ይፈልጋል፤ ቀጠሮው በዚህ ታስቦ ይያዝ። ምን ዓይነት ቆዳ በየትኛው ቀን እንደተለጠፈ፣ መነሳት ያለበት መሆን አለመሆኑም በካርዱ ላይ ይጻፍ፤ ፋሻውን የሚፈታው ሌላ ባለሙያ ነውና።