ቢራውን ከምግቡ ስር ጻፉት
ደሴና ኮምቦልቻ ሬስቶራንት ያላችሁ፣ ክራፍት ቢራ (ትንንሽ ጠማቂዎች የሚጠምቁትን) ሜኑ ላይ አስገብታችሁ አልሸጥ ካላችሁ ከለስላሳና ከውሃ ጋር መጨረሻ ገፅ ላይ አትደብቁት፣ እዛው አብሮት ከሚሄደው ምግብ ስር በአንድ መስመር ጻፉት፣ ሰው መጠጡን የሚመርጠው ምግቡን ሲያዝ ነው እኮ። ጥቁሩን ቢራ ከጥብስ ስር አድርጉት፣ ጥቁር ቢራ የሚጠመቅበት የተቆላ ብቅልና ደህና አድርጎ የተጠበሰ ስጋ ጣዕማቸው ይቀራረባል። ደሞ ከፍሪጅ አውጥታችሁ 10 ደቂቃ አቆዩት፣ ኮምቦልቻ ሙቀት ስለሆነ 5ም ይበቃል፣ በጣም ሲቀዘቅዝ ሽታውም ጣዕሙም ይታፈናል። ሚጥሚጣ የበዛበት ምግብ ስር ግን መራራና አልኮሉ ጠንከር ያለ ቢራ እንዳትጽፉ፣ ማቃጠሉን ያባብሰዋል። ለማይጠጣው ደሞ፣ ወሎ ነውና ብዙ ነው፣ አልኮል የሌለው ማልት እዛው ጎኑ ይግባ።