የመሳቢያው ደብተር፦ ሲስተም አናሊስት ሊያስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

ለአንድ ጅምላ አከፋፋይ የሠራነው የዕቃ መመዝገቢያ የኮምፒውተር ሲስተም ሥራ ከጀመረ ሦስት ወር ሆኖታል። እንዴት እየሄደ እንደሆነ ለማየት ብቅ አልኩ። ቢሮ ያሉት ሁሉ "ቆንጆ ነው" አሉኝ። ደስ እያለኝ ወደ መጋዘን ወረድኩ። የመጋዘኑ ኃላፊ እያወራን ሳለ መሳቢያቸውን ሳብ አድርገው ጠርዙ የተበላ ደብተር አወጡ። የሆነ ነገር ጫር ጫር አደረጉና መልሰው ከተቱት። ኮምፒውተሩ አጠገባቸው በርቷል።

"ጋሼ፣ ይሄ ምንድን ነው?" አልኳቸው።

"ተወው ልጄ፣ ይሄ የኔ ነው።" በአገጫቸው ወደ ኮምፒውተሩ እያመለከቱ፣ "ያ የእናንተ ነው" አሉኝ።

ኮዱ ችግር አልነበረበትም። ፕሮግራመሮቹም ጎበዞች ናቸው። ጥፋቱ የኔ ነበር። የሲስተም አናሊስት ሥራ በባለሥራውና በፕሮግራመሩ መሀል መቆም ነው። አንዱ ስለ ዘይትና ሩዝ ያወራል፣ ሌላው ስለ ሰርቨርና ዳታቤዝ። መሀል ላይ ያለው ሰው አጣሞ ከሰማ፣ ፕሮግራመሩ የተጣመመውን በጥራት ይሠራዋል። ከዚያ ቀን ወዲህ አዲስ ቦታ ስሄድ መጀመሪያ የምፈልገው የመሳቢያ ደብተር ነው። እነዚህ ስህተቶች ገሚሱ የራሴ ናቸው፣ ገሚሱን ሌሎች ሲሠሩ አይቻለሁ።

አንድ፦ አለቃውን ብቻ አናግሮ መመለስ

እኔ ሥራ አስኪያጁን ሁለት ቀን ሙሉ አነጋገርኩ። ቡና ጠጣን፣ ተግባባን። "ዕቃ ሲገባ የገቢ ደረሰኝ ይቆረጣል፣ ሲወጣ የወጪ ይቆረጣል፣ አለቀ" አሉኝ። እኔም የሥራውን ሂደት በሳጥንና በቀስት የሚያሳይ ያማረ ሥዕል ሠራሁ። ውሸት አልነገሩኝም። የነገሩኝ ሥራው እንዴት መሠራት እንዳለበት ነው።

መጋዘኑ ውስጥ የሚሆነው ሌላ ነው። አይሱዙው የሚደርሰው ማታ ነው። ደረሰኝ የምትቆርጠዋ ልጅ ወደ ቤቷ ሄዳለች። ዕቃው ይራገፋል። ጠዋት ገና ቢሮ ሳይከፈት የቆየ ደንበኛ ይመጣና "ሃያ ካርቶን ስጠኝ፣ ደረሰኙን ከሰዓት እወስዳለሁ" ይላል። ይሰጠዋል። የኔ ሲስተም ደግሞ ገቢ ያልተመዘገበ ዕቃ ወጪ ማድረግ አይፈቅድም። ታዲያ የመጋዘኑ ኃላፊ ምን ያድርጉ? ደብተር ላይ ይጽፋሉ።

ስለዚህ ሥራው በሚሠራበት ሰዓት፣ ከሚሠራው ሰው ጎን ተቀመጡ። ማታም ከሆነ ማታ። "እንዴት ነው የምትሠሩት?" ብላችሁ ከጠየቃችሁ መመሪያውን ያነቡላችኋል። "ትናንት መጨረሻ ላይ የወጣውን ዕቃ እስቲ ያሳዩኝ" በሉ። ያኔ እውነቱ ይመጣል። አንድ ነገር ግን አትርሱ፤ ኮምፒውተር ይዞ የመጣ ልጅ ብዙ ሰው ያስፈራል። "ይሄ እንጀራዬን ሊያሳጣኝ ነው የመጣው" ብሎ ያሰበ ሰው ደብተሩን አያሳያችሁም። ለምን እንደመጣችሁ ቀድማችሁ፣ በግልጽ ንገሩት።

ሁለት፦ "አፕ ሥሩልን" ሲባል አፕ መሥራት

ደንበኛ ብዙ ጊዜ የሚነግራችሁ መድኃኒቱን እንጂ ሕመሙን አይደለም። አንድ የሱቅ ባለቤት ስቶኩን በስልኩ የሚያይበት አፕ ፈለገ። "ይሄን ያሳሰበዎት ምን ተፈጥሮ ነው?" ስለው፣ ነገሩ የዱቤ ሆኖ ተገኘ። ማን ምን ያህል እንዳለበት በየማታው ማወቅ ነው የፈለገው። ለዚህ አንድ አጭር የጽሑፍ መልእክት በቂ ነበር።

ሦስት፦ ወረቀቱን እንዳለ ስክሪን ላይ መገልበጥ

አንዳንድ አናሊስት ያለውን ቅጽ ያነሳና ሳጥኖቹን አንድ በአንድ ኮምፒውተር ላይ ይደረድራል። ደረሰኙ ሦስት ኮፒ ስለነበረው ሲስተሙም ሦስት ጊዜ ያትማል። ሦስተኛው ኮፒ የት እንደሚሄድ የሚያውቅ ሰው የለም።

እዚህ ላይ የድሮ ሰዎችን ማየት ጥሩ ነው። ላየንስ የሚባለው የብሪታንያ የሻይ ቤቶች ድርጅት ሊዮ የተባለውን ኮምፒውተር ራሱ ሠርቶ እ.ኤ.አ. በ1951 ለንግድ ሥራ አዋለው። የንግዱን ሥራ ለማሽኑ የሚያዘጋጀውን ክፍል የመራው ዴቪድ ካሚነር ነበር። ብዙዎች የመጀመሪያው ሲስተም አናሊስት እሱ ነው ይላሉ። ሻይ ቤቶቹ በየቀኑ ዳቦና ኬክ ያዛሉ። ትእዛዙ ግን ከሳምንት ሳምንት ብዙም አይለይም። ስለዚህ የየሻይ ቤቱ የተለመደ ትእዛዝ አስቀድሞ ተመዘገበ። የሻይ ቤቷ ኃላፊ ስልክ ላይ የምትናገረው የሚቀየረውን ብቻ ሆነ። ይህን ያሰበው ማሽኑ አይደለም። ሥራውን የሚያውቅ ሰው ነው። ይኸው ከሰባ ዓመት በኋላ ደንበኛው በየሳምንቱ የሚገዛቸውን ያንኑ አሥራ ሁለት ዕቃዎች እንደ አዲስ የሚያስጽፉ ሲስተሞች እንሠራለን።

አራት፦ ቀን፣ ስምና መለኪያን መናቅ

ከውጭ የመጣ ሶፍትዌር ላይ ተመሥርቶ የሚሠራ ሰው እዚህ ጋ ነው የሚወድቀው። የኛ ዓመት 13 ወር ነው። ጳጉሜ 5 ቀን ናት፣ በአራት ዓመት አንዴ ደግሞ 6። የወር ሪፖርት ስታወጡ እነዚያ ቀናት የት ይግቡ? ብዙ ሂሳብ ሠራተኞች ከነሐሴ ጋር ደምረው ይዘጓቸዋል። ሲስተሙ ግን ይህን ካልተነገረው አያውቅም። የመንግሥት በጀት ዓመትም ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30 እንጂ ከመስከረም አይጀምርም። ሰዓቱም አለ። "ዕቃው 3 ሰዓት ደርሷል" ሲባል ጠዋት ነው ማታ? በኛ አቆጣጠር ነው ወይስ በፈረንጅ? ሲስተሙ ውስጥ በአንዱ መዝግቡ፣ ስክሪኑ ላይ በሁለቱም አሳዩ።

ስም ደግሞ ከዚህ ይብሳል። "የቤተሰብ ስም" የሚል የግዴታ ሳጥን ታገኛላችሁ። እኛ የአባት ስም እንጂ የቤተሰብ ስም የለንም። ባልና ሚስት በዚህ ሳጥን አይገናኙም። ከዚያ አጻጻፉ ይመጣል። ኃይሉ፣ ሀይሉ፣ ሃይሉ። ለኛ ሲነበቡ አንድ ናቸው፣ ለኮምፒውተሩ ሦስት። እኔ ያየሁት ላይ አንድ ደንበኛ በሦስት አጻጻፍ ሦስት ቦታ ተመዝግቦ፣ ለእያንዳንዱ ስም የዱቤ ጣሪያ ተሰጥቶት ነበር። ሰውየው አላጭበረበረም። ጸሐፊዎቹ ሦስት ነበሩ፣ ሁሉም የለመዱትን ፊደል ነው የተጠቀሙት። ፍለጋው ላይ ሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ኀ እና ኃን፣ ሰ እና ሠን፣ አ እና ዐን፣ ጸ እና ፀን እንደ አንድ ቁጠሩ። ሰውየውን የሚለየው ግን ስሙ ሳይሆን የግብር ከፋይ መለያ ቁጥሩ ወይም ስልኩ ይሁን።

መለኪያም እንደዚሁ። ካርቶን ነው ፍሬ? ቡና ነጋዴ ጋ ከሄዳችሁ ደግሞ በፈረሱላ ያወራችኋል፣ 17 ኪሎ ማለት ነው። ዝም ብሎ "ብዛት" የሚል ሳጥን የጠብ መነሻ ነው።

አምስት፦ "እሺ"ን እንደ ስምምነት መቁጠር

ስድሳ ገጽ ሰነድ ትልካላችሁ። ከሳምንት በኋላ "እንዴት ነው?" ስትሉ "አሪፍ ነው፣ ቀጥሉ" ይሏችኋል። አላነበቡትም። ይሉኝታ የሚባል ነገር አለ። ለፍታችሁ የሠራችሁትን "አልገባኝም" ማለት ነውር ይመስላቸዋል። ስለዚህ ሰነዱን ተዉትና ስክሪኑን ወረቀት ላይ በእርሳስ ሣሉት። የትናንትን እውነተኛ ደረሰኝ ስጧቸውና "እስቲ እዚህ ላይ ይሙሉት" በሉ። እጃቸው የቆመበት ቦታ ላይ ነው ችግሩ ያለው።

ይሉኝታ እኛንም ይይዘናል። ደንበኛው አዲስ ነገር በጠየቀ ቁጥር "ችግር የለም፣ ይቻላል" የሚል አናሊስት ፕሮጀክቱን በፈገግታ ይገድለዋል። "ይቻላል፣ ግን ሦስት ሳምንት ይጨምራል" ማለትን ልመዱ።

ስድስት፦ ለጥሩ ቀን ብቻ መሥራት

መብራት ሲጠፋስ? ኔትወርክ ሲቆምስ? ገሚሱን በቴሌብር፣ ገሚሱን በጥሬ ገንዘብ ከፍሎ ቀሪውን በዱቤ ያደረገስ? የተሸጠ ዕቃ ተበላሽቶ ቢመለስስ? ሥዕላችሁ ላይ ያለች እያንዳንዷ ቀስት ጋ "ባይሆንስ?" ብላችሁ ጠይቁ። ደስ የማይል ሥራ ነው፤ ስብሰባው ላይም ሰው ያሰለቻል።

ሕግም ይቀየራል። ተጨማሪ እሴት ታክስ ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ 15 በመቶ ስለሆነ ቁጥሩን ኮዱ ውስጥ የሚቀብር አለ። በ2016 ዓ.ም. አዲስ አዋጅ ሲወጣ መጠኑ አልተነካም፤ ቀድሞ ነፃ የነበሩ አንዳንድ አገልግሎቶች ግን ታክስ ውስጥ ገቡ። ይህን ፕሮግራመር ሳይጠራ ሂሳብ ክፍሉ ራሱ መቀየር መቻል አለበት።

ሰባት፦ "ሲስተሙ አይሳሳትም" ማለት

ይሄ ከሁሉም አደገኛው ነው። የብሪታንያ ፖስታ ቤት እ.ኤ.አ. ከ1999 ጀምሮ ፉጂትሱ የተባለ የኮምፒውተር ኩባንያ የሠራውን ሆራይዘን የተባለ ሲስተም ተጠቀመ። ሲስተሙ የሌለ ጉድለት ያሳይ ነበር። ቅርንጫፍ የሚያስተዳድሩት ሰዎች "እኛ አልወሰድንም" ቢሉም የታመነው ኮምፒውተሩ ነው። ከ900 በላይ ሰዎች ተፈረደባቸው፣ የታሰሩም ነበሩ። ከፍተኛው ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2019 ሲስተሙ ውስጥ ስህተቶች እንደነበሩ ወሰነ። እ.ኤ.አ. በ2024 ደግሞ ፓርላማው ፍርዶቹን በሕግ ሰረዘ።

አናሊስት ከዚህ ምን ይያዝ? ማን፣ መቼ፣ ምን እንደቀየረ የሚያሳይ መዝገብ ይኑር። ሠራተኛው ቁጥሩን "አላምንበትም" ብሎ የሚያመለክትበት ቦታም ይኑር። የካዝና ጉድለት ሲመጣ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ዝቅተኛ ደመወዝ ያለው ነውና።

ስምንት፦ በምረቃው ቀን መሰናበት

ኬክ ተቆርሶ ፎቶ ከተነሳ በኋላ የሚጠፋ አናሊስት ብዙ ነው። ዋናው ትምህርት የሚጀምረው ያኔ ነው። እኔም ብቅ ባልል ኖሮ ደብተሩን አላየውም ነበር።

ለመጋዘኑ ኃላፊ "ጊዜያዊ ወጪ" የምትል አንዲት ስክሪን ጨመርንላቸው። የደንበኛው ስምና የካርቶን ብዛት ብቻ ነው የምትጠይቀው። ገቢው ተመዝግቦ ደረሰኙ ሲቆረጥ ራሷ ትዘጋለች። ከወራት በኋላ ተመልሼ ሄድኩ። ደብተሩ አሁንም መሳቢያው ውስጥ ነው። በፈቃዳቸው ገለጥ አድርጌ አየሁት። የጫኝና አውራጆች ስልክ ቁጥር ተጽፎበታል። አንድ ገጽ ላይ ግን የካርቶን ብዛት አገኘሁ።

"ጋሼ፣ ይሄስ?"

"እሱ መብራት የጠፋ ቀን ነው" አሉኝ።