የጠረፍ ቤተሰብ ወረቀት ስትሰበስቡ እነዚህን ስህተቶች ተጠንቀቁ

እባካችሁ ላሚኔት አታስደርጉ! ስንቴ ልናገር? በቀደም አንድ የመተማ ልጅ የአያቱን የግብር ደረሰኝና የመሬት ውል ይዞልኝ መጣ፣ ሁሉንም ላሚኔት አስደርጎታል፣ "እንዳይበላሽ ብዬ ነው" ይላል። ልቡ ጥሩ ነው፣ አንጀቴን በላው። ግን እኮ ማሽኑ በሙቀት ነው የሚያጣብቀው፣ አንዴ ከተጣበቀ ወረቀቱን ሳይቀዱ ማላቀቅ የለም። ውሉ ደግሞ እጥፋቱ ሳይዘረጋ ስለገባ አንድ ሙሉ መስመር ከነምስክሮቹ ስም እዛው እጥፋት ውስጥ ታሽጎ ቀረ። ስካን አድርጉትና ዋናውን ንጹህ የወረቀት ፖስታ ውስጥ ክተቱት፣ በቃ። ስኮችም ያው ነው።

ፌስታል ውስጥ አታቆዩ፣ በዛ ሙቀት ያልበውና ይሻግታል። ከ2015ቱ የሱዳን ጦርነት ሸሽተው በመተማ የገቡ ቤተሰቦች ወረቀታቸውን በፌስታል ይዘው ቢመጡ አይፈረድባቸውም፣ ቤት ከገቡ በኋላ ግን ያውጡት።

ቀን ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ከሱዳኗ ገዳሪፍ ከተማ የመጣ የዐረብኛ ደረሰኝ 1956 ካለ በፈረንጅ ነው፣ ሱዳን ነጻ የወጣችበት ዓመት ማለት ነው፣ በኛ 1948 ነው፣ ከመስከረም ወዲህ ከሆነ ደግሞ 1949። አንዳንዱ ላይ የሂጅራ፣ ማለትም የእስልምና አቆጣጠር፣ ቀንም አለ። የዐረብኛው አምስት ክብ ስለሆነ ዜሮ ይመስላል፣ ዜሮው ደግሞ ነጥብ ናት። ቀኑን እንዳለ ቅዱት፣ በኛ ስንት እንደሆነ ከጎኑ ለብቻ ጻፉ፣ ዋናው ወረቀት ላይ ግን እስክሪብቶ እንዳይነካ!

እኔም ያጠፋሁት አለ። የአያቴን ሳጥን ስከፍት ወረቀቱ በክር ሶስት ቦታ ታስሮ ነበር፣ ፈትቼ አማርኛውን አንድ ቦታ ዐረብኛውን አንድ ቦታ አደረግኩት። ኋላ እናቴ ናት አንዱ እስር የሰሊጥ ንግዱ፣ አንዱ የመሬት ክርክሩ እንደነበር የነገረችኝ። የትኛው ደብዳቤ ከየትኛው ደረሰኝ ጋር ታስሮ እንደነበር ዛሬም አላውቅም፣ ያንገበግበኛል። ሳትፈቱ በፊት ፎቶ አንሱት።

ጀርባውን ሳታገላብጡ ደግሞ ምንም ነገር አትጣሉ። አንድ ቤት "ይሄ አይረባም" ተብሎ የተለየ የሰሊጥ ደረሰኝ ነበር፣ ሳገላብጠው በእርሳስ የአምስት ልጆች የልደት ቀን ከነክርስትና ስማቸው ተጽፎበታል። ቤተሰቡ የሚያውቀው ሶስቱን ብቻ ነበር።