«ኩላሊቴን» ሲሏችሁ፦ የኩላሊትና የሽንት ሕመምተኛን ለሚከታተሉ የነርሲንግ ተማሪዎች

ደሴ ውስጥ ለተግባር ልምምድ ወደ ውስጥ ደዌ ክፍል የሚገባ ተማሪ ገና በመጀመሪያው ሳምንት «ኩላሊቴን አመመኝ» የሚል ሰው ማግኘቱ አይቀርም። ይህን ቃል እንዳለ ወደ ካርዱ መገልበጥ ስሕተት ነው፤ ብዙ ሰው «ኩላሊቴን» የሚለው ወገቡን ለማለት ሲሆን፣ ሽንቱ የሚያቃጥለው ሰው ደግሞ ኩላሊትን ጨርሶ ሳያነሣ «ብርድ ነው የመታኝ» ብሎ ሊያልፈው ይችላል። ስለዚህ የሕመሙን ስም ከመጻፋችሁ በፊት «አባባ፣ የሚያምዎትን ቦታ እስቲ በእጅዎ ያሳዩኝ» በሉ።

እጃቸው ያረፈው የመጨረሻው የጎድን አጥንት ከአከርካሪው ጋር በሚገናኝበት ማዕዘን ላይ ከሆነ፣ አንዱን መዳፋችሁን እዚያው ዘርግታችሁ በሌላው የተጨበጠ እጃችሁ በላዩ ቀስ ብላችሁ ምቱ። በዚህ ምት ሕመምተኛው ከተሸማቀቀ፣ በዚያ ላይ ትኩሳትና የሚያንቀጠቅጥ ብርድ ካለበት፣ ኢንፌክሽኑ ከፊኛ አልፎ ኩላሊት ደርሶ ሊሆን ስለሚችል ለተረኛው ሐኪም ወዲያው ንገሩ። ሕመሙ ከጎን ተነሥቶ ወደ ብሽሽት የሚወርድና ሰውየውን አላስተኛ አላስቀምጥ የሚል ከሆነ የኩላሊት ጠጠር ይጠረጠራል፤ ጎንበስ ቀና ሲሉ ብቻ የሚብስ ሕመም ግን ብዙውን ጊዜ የጡንቻ ነው።

የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ሴቶችን ይበልጥ የሚያጠቃበት ምክንያት ከአካል አሠራር ይመነጫል፤ የሴት የሽንት መውጫ ቧንቧ 4 ሴንቲ ሜትር ያህል ስትሆን የወንዱ 20 ገደማ ነው፣ ዋናው አምጪ ተሕዋስ ኢ. ኮላይም የሚመጣው ከራሷ አንጀት ነው። ናሙና ስትጠይቁ ከፊት ወደ ኋላ እንድትታጠብ፣ የመጀመሪያውን ሽንት ለቅቃ መካከለኛውን በዕቃው እንድትቀበል አስረዷት፤ ናሙናውም በአንድ ሰዓት ውስጥ ላቦራቶሪ ይድረስ፣ ካልተቻለ ማቀዝቀዣ ውስጥ ይቀመጥ። ሽንቱ ጠቆር ያለ ከሆነ ሕመምተኛው እየጾመ እንደሆነ ጠይቁ፤ በረመዳንም ሆነ ውሃ ሳይቀመስ በሚዋልባቸው የክርስቲያን አጽዋማት ሽንት ይጠቁራል። ከባቲና ከቆቦ ቆላ በሙቀት ሲሠራ ውሎ የመጣ ሰውም እንዲሁ ነው፤ ነገር ግን ማስታወክ ወይም ተቅማጥ ከታከለበት፣ ወደ ኩላሊቱ የሚደርሰው ደም እያነሰ ሊሆን ስለሚችል «ሙቀት ነው» ብሎ ማለፍ አይገባም።

ከሁሉ በላይ የተማሪ ሥራ ሆኖ የሚቀረው የገባውንና የወጣውን ፈሳሽ መለካት ነው፣ ብዙ ጊዜ የሚበላሸውም እሱ ነው። አንድ ዐዋቂ ሰው በሰዓት ለእያንዳንዱ ኪሎ ግራም ክብደቱ ቢያንስ 0.5 ሚሊ ሊትር ሽንት ሊኖረው ይገባል፤ 60 ኪሎ የሚመዝን ሰው እንግዲህ በሰዓት 30፣ በ6 ሰዓት 180 ሚሊ ሊትር ማለት ነው። ለስድስት ሰዓት ከዚህ በታች ከቆየ፣ ክሬቲኒኑ (ኩላሊት ከደም የሚያጣራው ቆሻሻ) ገና ባይጨምርም እንኳ፣ የድንገተኛ ኩላሊት ጉዳት ምልክት ነውና የፈሳሽ መመዝገቢያ ቅጹን ይዛችሁ ሐኪሙ ዘንድ ሂዱ።

እኔ ተማሪ ሳለሁ በአንድ ሌሊት ተረኝነት የሽንት መሰብሰቢያ ከረጢቱ ባዶ ሆኖ ሳገኘው «0» ብዬ ጻፍኩ። ጠዋት ሐኪሙ ቅጹን አይቶ ሽንቱ ቆሟል ብሎ ሲሯሯጥ፣ አስታማሚዋ እናት «ልጄ፣ ሞልቶ ስላየሁት እኔ ደፋሁት፣ አንቺን ላለማስቸገር ብዬ ነው» አሉኝ። ጥፋቱ የእኔ እንጂ የእሳቸው አልነበረም፤ ማንም አልነገራቸውም። ከዚያ ወዲህ በር ላይ ገና ስገባ ለአስታማሚው መለኪያ ዕቃውን አሳይቼ «ሳንለካው እንዳይደፋ» እላለሁ። የሚጠጣውም እንዲሁ ነው፤ የቡና ሲኒውን፣ የሻይ ብርጭቆውንና የአጥሚቱን ኩባያ ውሃ ሞልታችሁ በመርፌ ሲሪንጅ አንድ ጊዜ ከለካችሁ፣ አስታማሚዋ «አቦልና ቶና ጠጥቷል» ስትል ቁጥሩን ታውቁታላችሁ።

ካቴተር (ሽንት ወደ ከረጢቱ እንዲወርድ ፊኛ ውስጥ የሚገባ ቱቦ) ያለበት ሰው ሽንቱ በድንገት ቢቆም ኩላሊትን ከመጠርጠር በፊት ቱቦው ታጥፎ ወይም ሰውየው ተኝቶበት እንደሆነ አይታችሁ፣ ከዚያ ከእምብርት በታች ፊኛው መወጠሩን በእጃችሁ ዳስሱ። ከረጢቱ ሁልጊዜ ከፊኛ ዝቅ ብሎ ይንጠልጠል፣ ወለል ግን አይንካ፤ የምርመራ ናሙናም ከከረጢቱ አይወሰድም። ስታስገቡ ሽንት ሳይወርድ ቱቦውን ፊኛ ውስጥ የሚይዘውን ባሎን መንፋት የሽንት ቧንቧውን ሊቀድድ ይችላል፤ በተለይ ፕሮስቴታቸው (ከፊኛ ሥር ያለው የወንዶች ዕጢ) ባበጠ አዛውንት ላይ ቱቦው እንቢ ካለ አትግፉ፣ ሐኪም ጥሩ። ለቀናት ተዘግቶ የነበረ ሽንት ከተለቀቀ በኋላ በተከታታይ ሁለት ሰዓት ከ200 ሚሊ ሊትር በላይ በሰዓት የሚወርድ ከሆነ ደግሞ ሰውየው ፈሳሽና ማዕድን እያጣ ነውና የደም ግፊቱን ለክታችሁ አሳውቁ።

ጠያቂ ሲመጣ ሙዝና ብርቱካን ይዞ ነው። ሁለቱም ፖታሺየም ይበዛባቸዋል፤ በደሙ ውስጥ ፖታሺየሙ ከፍ ላለ ሕመምተኛ ደግሞ የልብ ምትን እስከማዛባት ይደርሳሉ። ስጦታውን በሰው ፊት አትንጠቁ፣ ለአስታማሚው ለብቻ ንገሩና ለሌላው ይሰጥ። ሁሉም የኩላሊት ሕመምተኛ እንዲህ ይከለከላል ማለት አይደለም፤ የላቦራቶሪውን ውጤት ሳታዩ መከልከልም ራሱ ጉዳት አለው።

ሙስሊም አዛውንቶች ካቴተር ሲገባላቸው ብዙ ጊዜ የሚጨነቁት ስለ ሶላታቸው ነው፣ አንዳንዱ አፍሮ ሳይናገር ቱቦውን ሊነቅለው ይሞክራል። ብያኔው የነርስ አይደለምና ሼሁን እንዲጠይቁ ተዉላቸው፤ የእናንተ ድርሻ ዙሪያውን በንጽሕና መጠበቅና ከሶላት ሰዓት ቀደም ብሎ ከረጢቱን ለክቶ፣ ጽፎ፣ ባዶ ማድረግ ነው።