የሰኞ ቡና፣ ስልክና የመድኃኒት ሰዓት

ማረሚያ ቤት ስገባ የያዝኩት ስልክ ባለ ቁልፍ ነበር። ስፈታ ሰው ሁሉ መስታወት እየዳበሰ ነው። እኔም ዳበስኩ። በመጀመሪያው ቀን ሳላውቀው ለአከራዬ በቪዲዮ ደወልኩላት፤ ከግድግዳው ማዶ ተቀምጣ።

አሁን ሐዋሳ መናኸሪያ አካባቢ ቡና አፈላለሁ። ሰኞ ከሰዓት እንደኔ ማረሚያ ቤት የነበሩ ስምንት ሴቶች ይመጣሉ። ቡናው በረካ እስኪደርስ በስልካችን ስለ ጤናችን እንማማራለን። ይህን መጀመር ለምትፈልጊ እህቴ፣ የሠራልኝን ልንገርሽ።

አፕ ከማውረድሽ በፊት ምን እንደሚያሳስባቸው ጠይቂ። እኛ ጋ የቀደመው የሳል ነገር ነው። ብዙ ሰው በአንድ ክፍል ሲያድር ቲቢ በቀላሉ ይተላለፋል። 2 ሳምንትና ከዚያ በላይ የቆየ ሳል ምርመራ ያስፈልገዋል። ይህችኑ ብቻ በድምፅ ቀዳሁና በቴሌግራም ላክሁ። በጽሑፍ ብልከው አምስቱ አያነቡትም። ድምፅ ግን ሽንኩርት እየከተፉም ይሰማል። ሲዳምኛ የምትችለው ጓደኛችን ደግሞ ያንኑ በሲዳምኛ ትደግመዋለች።

ሲቀዱ ጣታቸው እየተነሳ ድምፁ ይቆረጥባቸዋል። ማይክራፎኑን ተጭነው ወደ ላይ ካንሸራተቱት ይቆለፋል፤ ከዚያ እጃቸው ነፃ ነው።

የግሩፑን ስም «ቡና» በዪው። ስልኳን ባል ወይም ልጅ የሚያይባት ብዙ ናት። ቁጥራችሁን የማያውቅ ሰው እንዳያየው ደግሞ ቴሌግራም ሴቲንግ ውስጥ ፕራይቬሲ ገብታችሁ ፎን ነምበርን ኖባዲ አድርጉት።

አሁን ዋናው ጣጣ፦ ሰዓት። የግፊት መድኃኒት የምትወስድ አንዲት እናት አለችን። ጠዋት 2 ሰዓት እንድትውጥ ተነግሯታል። አላርሙን 2፡00 ላይ ሞላችው። ስልኩ ለሊት 8 ሰዓት ላይ ጮኸ፤ ግቢው በሙሉ ተነሳ። እሷም ተነስታ ዋጠች! «ስልኩ ካለ ብዬ ነው» አለችኝ። ሦስት ቀን እንዲሁ ሆነ።

ስለዚህ በእኛ ሰዓት ላይ 6 ደምሪ፤ ከ12 ካለፈ 12 ቀንሺለት። የጠዋት 2 ስልኩ ላይ 8፡00 ነው፤ የከሰዓት 9 ደግሞ 3፡00። ከለሊቱ 6 እስከ ቀኑ 6 ኤኤም፣ ከዚያ ወዲህ ፒኤም። ወረቀት ላይ አትጻፊላቸው፤ እያንዳንዷ በገዛ ጣቷ ትሙላ። ከአምስት ደቂቃ በኋላ የሚጮህ አላርም አስሞያቸው። ሲጮህ ይሳቃል፣ ነገሩም ይያዛል።

ቀኑም እንደዚያው ነው። የቀጠሮ ካርድ ላይ ሚያዝያ 12 ከተባለ ስልኩ ላይ ኤፕሪል 20 ነው። አንዷ የሦስት ወር መርፌዋን ኤፕሪል 12 ብላ መዝግባ፣ 8 ቀን ቀድማ ሄዳ ተመለሰች። የትራንስፖርቱም ብር ሄደ። የኢትዮጵያ ቀን መቁጠሪያ አፕ ጫኑና ከእሱ እያያችሁ ሙሉ።

ማረሚያ ቤት ውስጥ ሕክምና የጀመረች ካለች የሕክምና ወረቀቷን ፎቶ አንሺላት። የቲቢ መድኃኒት አብዛኛውን ጊዜ 6 ወር ይወሰዳል፤ ስትፈታ ግን ወረቀቱ በቀላሉ ይጠፋል። ፎቶውን ቴሌግራም ላይ ሴቭድ መሴጅስ ውስጥ አስቀምጪው። ስልኳ ቢሰረቅ እንኳ ያንኑ ቁጥር በአዲስ ሲም አስወጥታ ቴሌግራም ስትገባ እዚያው ታገኘዋለች።

ፎርዋርድ የሚደረገውን ወሬ ጠርጥሪ። አንድ ድምፅ መጣልን፤ «ነጭ ሽንኩርት ብሉ፣ የግፊት ኪኒን ተዉ» ይላል። ያቺው እናት ልትተወው ነበር። በድምፅ ማጉያ ወደ 952 ደወልን፤ የጤና ጥያቄ የሚመልስ ነፃ መስመር ነው። «ኪኒኑን ሐኪም ሳያይሽ እንዳታቆሚ» አሏት። እኔ ስለው ያልሰማችኝን ከስልኩ ሰማች። እንዲያም ሆኖ ደስ አለኝ። የቀይ መስቀል አምቡላንስ ደግሞ 907 ነው፤ ሁለቱንም ስልካቸው ላይ መዝግቢላቸው።

ያለፈው ሰኞ ስለ ማህፀን በር ካንሰር ምርመራ አወራን። ከ30 እስከ 49 ዓመት ላሉ ሴቶች የሚመከር ነው፤ ኮምጣጤ በመሰለ ፈሳሽ አይተው ብዙ ጊዜ ውጤቱን እዚያው ይነግሩሻል። ሁሉም ዝም አሉ። ማታ ግን በግሩፑ አንድ ድምፅ ገባ፤ አራት ሰከንድ ብቻ። «ሐሙስ ማን አብሮኝ ይሄዳል?»