የኤምጂቢን ሁለት ካርቡራተር ማስማማት

ኤምጂቢ ከ1962 እስከ 1980 እ.ኤ.አ. እንግሊዝ፣ አቢንግደን ውስጥ የተሠራች ባለ 1798 ሲሲ ስፖርት መኪና ናት። በአብዛኞቹ ሞተር ላይ ሁለት ኤስዩ ካርቡራተር (አየርና ቤንዚን የሚደባልቅ ዕቃ) አለ። ሁለቱ ካልተስማሙ ሚኒሞ፣ ማለትም ነዳጅ ሳይረገጥ የሚሽከረከርበትን ዝቅተኛ ዙር፣ አትይዝም።

መጀመሪያ ካንዴላውን (ቤንዚኑን የሚያቀጣጥለውን) እና ፑንቲናውን (ለካንዴላው እሳት የሚያስነሳውን መቆራረጫ) እይ። ብዙ ጊዜ ጥፋቱ እዚያው ነው፤ የሚወነጀለው ግን ካርቡራተሩ።

ሞተሩ በደንብ ይሙቅ። የአየር ማጣሪያዎቹን ፍታ፣ ሁለቱን ካርቡራተሮች የሚያገናኘውን ዘንግ አላላ። ቀጭን የጎማ ቱቦ አንዱን ጫፍ ጆሮህ፣ ሌላውን ካርቡራተሩ አፍ ላይ አድርገህ ፉጨቱን ስማ። መለኪያ መሣሪያ አለ፤ እኔ ግን ጆሮዬን ነው የማምነው። ፉጨቱ እኩል እስኪሆን የሚኒሞ ብሎኖቹን አዙር፤ ከዚያ ዘንጉን እሰር።

አሁን ድብልቁ። ካርቡራተሩ ጎን ላይ ያለችውን ፒን በጣትህ ወደ ላይ ግፋት፤ የካርቡራተሩ ውስጥ ፒስተን የሚነሳው አንድ ሚሊሜትር እንኳ አይሙላ። ሞተሩ ፈጥኖ በዚያው ከቀጠለ ቤንዚን በዝቷል። ልጥፋ ካለ አንሷል። ትንሽ ፈጠን ብሎ ከተመለሰ ልክ ነው። ካርቡራተሩ ስር ያለችው ዳዶ (ባለ ስድስት ጎን የብሎን ማሰሪያ) ወደ ላይ ስትወጣ ቤንዚን ይቀንሳል፣ ስትወርድ ይጨምራል። ከስድስቱ ጎኗ አንድ አንድ ብቻ እያዞርክ፣ ሞክር።

በመጨረሻ ካርቡራተሩ ላይ ከላይ ያለውን ክዳን ፍታና ቁጥር 20 የሞተር ዘይት ጨምር። ዘይቱ ከሌለ ነዳጅ ስትረግጥ ትንገጫገጫለች።